ያልተቆጠረ ትከሻ

ልጄ አዩብ፣ አላህ ካለህበት ይጠብቅህ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

በዚያ አገር ትከሻው እየተመላለሰ የሚወልቅ ስንት ሰው እንዳለ እያጠናሁ ነው ስትለኝ ገረመኝ። እዚህ ማን ይቆጥረናል? ሁላችንም የምንሄደው ወጌሻ ጋ ነው። የእኔም ትናንት ልብስ ሳሰጣ ወለቀ። አብሽር፣ አትጨነቅ፤ ጎረቤታችን ሃዎ ወጌሻውን ጠራችልኝ። ግን የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከቀፊራ ገበያ የተመለሰችው ዘግይታ ስለነበር፣ እስክትመጣ ክንዴን ታቅፌ ደጃፍ ተቀመጥኩ። ድሮ ወጌሻው ሲጎትተኝ ሌላውን እጄን የምትይዝልኝ አንተ ነበርክ። ትናንት የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

ብርድ ነው ብለሃል፤ ደርበህ ልበስ። አላህ ሥራህን ያቅናልህ፣ ዕድሜህን ያርዝመው። ለምትጠይቃቸው ሰዎች አንድ ጥያቄ ጨምርልኝ፦ ትከሻችሁ ሲወልቅ ቤት ውስጥ ማን ነበር?

እናትህ ፊርዶስ