ለአዴ ድርቤ ኳየር የገጠምኩት ኮኔክተር

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ዛሬም ስልኬ አልጮኸም። ያመለከትኩበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ዝም። አጎቴ ኑረዲን ሱቅ ሳፋና ጀሪካን ሳወርድ ሳወጣ ዋልኩ። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄ ከቡታጅራ ነቀምት ድረስ የመጣሁት ለዚህ ነው? "ነቀምት ሥራ ሞልቷል" ያለኝ እሱ ነው። ሞልቷል… የሱ።

ማታ ስገባ ግቢው ታምሷል። የአከራያችንን የአዴ ድርቤን ጣራ ሲያድሱ የነበሩት ቆርቆሮ መቺዎች የዲሹን ኬብል ከጫፉ ቆርጠውት ሄደዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አዴ ድርቤ ግድ አይሰጣቸውም። ግን ቀድሞ የተቀረጸው የቤተክርስቲያናቸው የእናቶች ኳየር መዝሙር እሑድ በስምንት ሰዓት በቴሌቪዥን ይተላለፋል። አዴ ድርቤም አሉበት! ራሳቸውን በቴሌቪዥን አይተው አያውቁም። ደግሞ አይደገምም ተብሏል።

"የዲሽ ባለሙያውን፣ ቀጀላን ልጥራ" ሲሉ… አፌ ቀደመኝ።

"ለምን ተብሎ? እኔ እያለሁ?"

"ትችያለሽ፣ ኢንተላኮ?" ልጄ ማለታቸው ነው።

"አዴ፣ አምስት ዓመት የተማርኩት እኮ ይሄንኑ ነው።"

ይሄንኑ አልነበረም የተማርኩት።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ኮኔክተር ልገዛ ስወጣ አዴ ድርቤ ካልሄድኩ ብለው ተከተሉኝ። ነገሩ ትንሽ ብረት ነው፣ ቀለበት የሚያህል፤ የኬብሉ ጫፍ ላይ ይገጠማል፣ ከዚያ ዲሹ ላይ ይታሰራል።

"ወንዴ ነው ሴቴ?" አለ ባለሱቁ ዮሚፍ።

"የምትወልደውን ስጠን!" አሉ አዴ ድርቤ።

ሱቁ ሙሉ ሰው ሳቀ። "ወንዴ" አልኩ። እሳቸው መንገዱን ሙሉ አጉረመረሙ፦ "ወንድ ምን ያደርግልናል? አይወልድ፣ አይታለብ…"

ቀጀላን መንገድ ላይ አገኘነው። "ዛሬውኑ ልሥራላችሁ፣ ነገ ኡኬ ሄጄ እስከ ማክሰኞ አልመለስም" አለ። "አያስፈልግም" አልኩት። በፈገግታ።

ጥቅምት 7፣ አርብ

ሲታሰብ ቀላል። የኬብሉ ጥቁር ልጣጭ ይላጣል። ከሥሩ ፀጉር የመሰለ የሽቦ መረብ አለ፣ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ከዚያ ነጩ ፕላስቲክ፣ ከነጩ ውስጥ መዳቡ። ኮኔክተሩ እየተጠመዘዘ ይገባል። መዳቡ መሐል ላይ ብቅ ይላል። በቃ።

በሽንኩርት ቢላ ጀመርኩ። ጫን ሳደርገው መዳቡ ቀንጠስ። ድገሚ… ቀንጠስ። ለጥቆ አውራ ጣቴ። ኬብሉ እያጠረ፣ እኔም እያጠርኩ።

አጎቴ በመስኮት፦ "ነስሪን፣ ሙዝ አይደለም እኮ!"

"አጎቴ፣ ተወኝ በአላህ!"

"ተውኩሽ። ዲሹ ጋ የሚደርስ ኬብል ከተረፈ ብቻ ንገሪኝ።"

በመጨረሻ ገባ። ጣራ ላይ ወጥቼ አሰርኩት። ቴሌቪዥኑ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ሲግናል የለም"።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ያ አላህ… ምን ብዬ ልጻፈው?

ጠዋት ዲሹን ቆርቆሮ መቺዎቹ አዙረውት መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። ወጣሁ። አዴ ድርቤ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ፣ ባላቸው ኦቦ ጨመዳ መሰላሉን ያዙልኝ። ገና ነካ ሳደርገው ከውስጥ ጩኸት፦

"ዲሽ! ዲሽ!"

አዎ፣ ዲሹን እኮ ነው የማዞረው! ጨመር አደረግኩ።

"ዲሽ! ዲሽ! ዲሽ!"

እንዴት ያበረታታሉ! በሁለት እጄ ይዤ ገፋሁት።

ጩኸቱ ቆመ። ወርጄ ስገባ አዴ ድርቤ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነዋል።

"መጥቶ ነበር! ጥርት ብሎ! ዺሲ ስልሽ፣ ዺሲ ስልሽ፣ ጭራሽ አንቺ…"

"ዲሽ ያሉኝ መስሎኝ…"

"ዺሲ! ተዪው! አትንኪው!"

ኦቦ ጨመዳ ሳቃቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ሮጡ። ከኦሮምኛ "አከም ጅርቱ" እና "ገለቶማ" ብቻ ይዞ ጣራ ላይ ይወጣል? ሰፈራችን ባኬ ጃማ ሙሉ ሰምቷል።

በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው… ገና ስነካው ነው ምስሉ የመጣው። እንግዲያው ዲሹ መጀመሪያም አልዞረም፤ የተነቃነቀው ኬብሉ ነው! ኮኔክተሩን ፈታሁት። ከመረቡ አንዲት ቀጭን ሽቦ አምልጣ መዳቡን ነክታ ተቀምጣለች። አንዲት! ጠርጌ መልሼ ገጠምኩት። አሁን ኮኔክተሩ ደህና ነው። ዲሹን ግን ወዴት እንዳዞርኩት አላህ ይወቀው። ለቀጀላ ደወልኩ፣ ስልኩ ዝግ ነው።

አዴ ድርቤ "ግድ የለም ኢንተላኮ" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

አዴ ድርቤ ከቤተክርስቲያን እንደተመለሱ ጣራ ላይ ወጣሁ። ተስማማን፦ ምስሉ ሲመጣ አዴ ድርቤ ምንም ቃል አይናገሩም፣ ይዘምራሉ። መዝሙር ከምን ጋር ይምታታል? የኳየሩ ግማሽ ሳሎናቸው ገብቶ ተቀምጧል።

ጥፍር ታህል ወደ ቀኝ… ዝም። ጥፍር ታህል… ዝም። ቆርቆሮው ይፋጃል። ስምንት ሰዓት ደረሰ እኮ! ጥፍር ታህል…

መዝሙር!

እጄን ከዲሹ ላይ አነሳሁ። የሳቸው ድምፅ ነው? ብዙ ሰው ነው… እልልታ! ቴሌቪዥኑ ነው! ልወርድ ዞር ስል መሰላሉ የለም። ኦቦ ጨመዳ ተሸክመውት እየሄዱ ነው።

"ኦቦ! መሰላሉ!"

"እስኪያልቅ እዚያው! አንቺ ከወረድሽ ተመልሰሽ ትወጫለሽ፣ ከወጣሽ ትነካኪያለሽ!"

ምን ላድርግ… ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ሲያልቅ አዴ ድርቤ ወጡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

"ተቋረጠ እንዴ?"

"አልተቋረጠም። ጥርት ብሎ መጣ። ግን ኢቢሴ ከፊቴ ተገትራ… ክንዴንና ግማሽ ጆሮዬን አየሁ።"

ኢቢሴ፣ የኳየሩ ረጅሟ፣ ከኋላቸው ብቅ አሉ፦ "እግዜር ካስረዘመኝ እኔ ምን ላድርግ?"

"ጎንበስ ማለት አልፈጠረብሽም?"

ይሄ ሁሉ ለግማሽ ጆሮ?

"እኔ ጆሮም አላየሁ፣ አዴ" አልኩ ከላይ።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ኢቢሴ! ነይ ቦታሽን ያዢ። ሁላችሁም ውጡ!"

ግቢው ውስጥ ተሰለፉ።

"ታዲያ አሁንስ ከፊት አትቆሚም?" አሏቸው ኢቢሴ።

"እንደ ቀረጻው ቀን! እንደነበረው!"

ዘመሩ። መሬት ላይ ለቆመ ሰው አሁንም ከኢቢሴ ኋላ ናቸው። ከጣራ ላይ ግን ማን ማንን ይጋርዳል? አፋቸው ከሁሉም ሰፋ ብሎ ይከፈታል። ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። አንዱ ቦታ ላይ እጃቸው ከሌሎቹ ቀድሞ ተነሳ፣ ደነገጠ፣ ተመለሰ።

"ታየሁ?" አሉ ሲጨርሱ።

"ከእግር እስከ ራስዎ።"

"ተሳሳትኩ?"

"ኧረ በፍጹም፣ አዴ!"

ፊታቸው ወደቀ። "እንግዲያው አላየሽኝም።"

"እ… ሁለተኛው አዝማች ላይ… እጅዎ ቀደመ።"

አዴ ድርቤ ኢቢሴን ትከሻቸው ላይ መቷቸው።

"አየችኝ! ሰማሽ? አየችኝ!"