ሁስና የምትጠይቀኝ ፊደል

ልጄ ሰላሀዲን፣ አሰላሙ አለይኩም። አላህ በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅህ። እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን፤ ዘንድሮ ዝናቡም አልጨከነብንም።

ይህን የምትጽፍልኝ ሣራ ናት፤ ዘንድሮ ተመርቃ ከደብረ ብርሃን ለልምምድ የመጣች የጎልማሶች አስተማሪ። መልእክትህን ራሴ ላነብ ጓጉቼ ከሁስና ጋር ትምህርት ብጀምር፣ ቸኩላ አስቀየመችን። ሰሌዳው ላይ ስሳሳት ሚስትህን «ሁስና፣ ነይ አርሚያቸው» አለቻት። ምራት አማቷን በሰው ፊት ታርማለች እንዴ? በኀፍረት ሁለታችንም ከትምህርቱ ቀረን፤ ሌሎችም እንደ እኛ ቀሩ።

በሁለተኛው ሳምንት ሣራ ቤት ድረስ መጣች።

«እማማ ኩብራ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ጠመኔ አስይዘሽ ዳኛ አደረግሻት እኮ።»

«ታዲያ እንዴት ላድርግ?»

«ቁጭ በይና ሁስናን እያት» አልኳት።

ደብተሬን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ስሳሳት ሁስና ጠጋ ብላ «እማ፣ ይቺ ፊደል ማን ነበረች? ጠፋችብኝ» አለችኝ። እያወቀች ነው። እኔም ደግሜ አየሁና ራሴን አረምኩ።

አሁን ሣራም ክፍል ውስጥ እንደ ሁስና ትጠይቃለች፤ የቀሩትም ተመልሰዋል። ይህን ስትጽፍ እያፈረች ነው።

አላህ በሰላም ያገናኘን። የሚቀጥለው ደብዳቤ የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው።

ልጄ፣ ከእንግዲህ የድምፅ መልእክት አትላክ። ጻፍልኝ።
እናትህ ኩብራ