ለቡሬ የተሰጠ ፉርሽካ

ይድረስ ለዩሱፍ እናት፣ ለፋጡማዬ፤

አሰላሙ ዐለይኪ። ከተለየሽኝ ወዲህ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ የሐኪም ጋራን ዳገት ስወጣ ጉልበቴ ብቻ ያስቸግረኛል። ይህን በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሌን የዶሮ ጭረት እያልሽ ትስቂበት ነበር፤ አሁንም ያው ነው፣ አልተሻሻለም።

ዘንድሮ ዝናቡ ቀረ። የማሽላው አገዳ ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። በሬዎቹን ለሉካንዳ ሸጥኳቸው። ዩሱፍ ከድሬዳዋ መጥቶ ላሚቱንም ይሽጧት አለኝ፤ ቆጣ ብዬ መለስኩት። ቡሬን ማን ይነካታል? እናቷ የሞተችባት ጊዜ ጣትሽን ወተት ውስጥ እየነከርሽ አጥብተሽ ያሳደግሻት ናት። ግን ከስታ ከስታ መነሳት አቃታት።

መንግሥት ለከብት አርቢው ፉርሽካ በነጻ ይሰጣል፣ ኤረር በር መጥታችሁ ውሰዱ ተብሎ ተለፈፈ። አልሄድም አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ከብቴን በላቤ ያበላሁ ሰው፣ በስተርጅና ጆንያ ይዤ ልሰለፍ? ጎረቤታችን ዘይነባ፣ ምላሷን ታውቂው የለ፣ በአጥሩ ብቅ ብላ «የሚሰጡት ለላሚቱ ነው እንጂ ለእርስዎ መች ሆነ? እርስዎ አይብሉት» አለችኝ። በማግስቱ ጆንያዬን በኩታዬ ሸፍኜ ወረድኩ። ሰልፉ ላይ ግማሹ የማውቀው ሰው ነበር፤ ሁሉም ጆንያውን ሸፍኖ ቆሟል።

ተሸክሜ መጣሁልሽ። ቡሬ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። በውሃ ለወስኩት፣ ጨው ነሰነስኩበት፤ እምቢ። ሙሉ ጆንያ አጠገቧ ተቀምጦ ልትሞትብኝ ነው ብዬ በረቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ያን ጊዜ ያንቺ ነገር ትዝ አለኝ። አዲስ መኖ ስትሰጫት በመዳፍሽ ይዘሽ፣ የሻሽሽን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ጥለሽ፣ «ሆይ ቡሬ፣ ሆይ እመቤቴ» እያልሽ ታንጎራጉሪላት ነበር። እኔ ደግሞ ሙሽራ ነው እንዴ የምታጎርሺው እያልኩ አሾፍብሽ ነበር።

ሣጥንሽን ከፍቼ ቢጫውን ሻሽ አወጣሁ። ሽታሽ አለበት። ትንሽ ይዤው ቆየሁ። ከዚያ ራሴ ላይ ጠመጠምኩት፣ ፉርሽካውን በመዳፌ ዘግኜ የሻሹን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ጣልኩ፣ በዚህ ሻካራ ድምፄም ዜማሽን ጀመርኩላት። ቡሬ ሻሹን ብዙ አሸተተች። ቀስ ብላ ምላሷን መዳፌ ላይ አሳረፈች።

ቀና ስል ዘይነባ አጥሩ ላይ ቆማለች። አለቀልኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሊስቅብኝ ነው አልኩ። አየችኝና «በግራ በኩል ወርዷል፣ ያስተካክሉት። ፋጡማ እንዲያ አልነበረም የምታስረው» ብላ ገባች። ለማንም አልተናገረችም።

አሁን ቡሬ ድናለች። ዝናቡም መጣል ጀምሯል። ሻሹን ግን ወደ ሣጥኑ አልመለስኩትም፤ በረቱ በር ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሽታሽ እየለቀቀው ነው፣ ላም ላም ማለት ጀምሯል። አትቀየሚኝ።

አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ። እኔ በሕይወት እያለሁ ዜማሽ ከዚህ በረት አይጠፋም። ቡሬ አሁን ያለ ሻሹም ትበላለች። ሳላስረው የማልገባው እኔ ነኝ።

የዩሱፍ አባት