ለወይዘሮ ኔልዳ ባርፊልድ ስላልተዘፈነው ሦስተኛ አንጓ

የሳቲላ ልጆች ባንድ ወዳጆች ማኅበር መሥራችና ሊቀ መንበር የነበሩት ወይዘሮ ኔልዳ ባርፊልድ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው በዚህ በግንቦት ወር ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ባለፈው ቅዳሜ በፌሪዴል ከተማ በመጥምቃውያን ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር፣ ቤተሰቦቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ከየክፍለ ግዛቱ የመጡ የማኅበሩ አባላት በተገኙበት ተፈጽሟል። ማኅበሩ የደረሰበትን ሐዘን የሚገልጽበት ቃል አጥቷል። ቃል ማጣቱንም በቀብሩ ዕለት በሰው ፊት አሳይቷል፤ ይህ መግለጫ ከወትሮው የረዘመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወይዘሮ ኔልዳ እ.ኤ.አ. በ1954 ከፌሪዴል ወጣ ብሎ በሚገኝ የኦቾሎኒ እርሻ ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ በወረዳው ትምህርት ቤቶች የአውቶቡስ ሹፌር ሆነው ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስከወጡበት ዓመት ድረስም በዚያው ሥራ አገልግለዋል። ከባለቤታቸው ከሟቹ ከአቶ ዶይል ባርፊልድ አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን በዚህ ብቻ ብናቆም እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይስቅብናል። ወይዘሮ ኔልዳ የኖሩት ለአንድ የሮክ ባንድ፣ ለሳቲላ ልጆች ነበር።

በ1977 ሐምሌ የሳቲላ ልጆች በፌሪዴል የባዛር ሜዳ ያቀረቡት ዝግጅት ለአልበም እየተቀረጸ ሳለ፣ ድምፃዊው ሌማር ስታብስ «ወንዙ ሲሞላ ጠብቂኝ» የተሰኘውን ዘፈን ጀምረው ሦስተኛው አንጓ ላይ ሲደርሱ ግጥሙ ጠፋባቸው። ሙቀቱም ነበር፣ ውስኪውም ነበር። ጊታሩ ያንኑ ዙር እየደጋገመ ሲጠብቃቸው፣ ከፊት የቆመች አንዲት የሃያ ሦስት ዓመት ሴት እጇን አንሥታ ጀመረችላቸው፤ ሜዳውን የሞላው ሕዝብም ተከተላት። ሸክላው ላይ አንጓው እንዳለቀ የሌማር ድምፅ ይሰማል፦ «እሜቴ፣ ማን እንደሆንሽ አላውቅም። ግን ይቺን አንጓ ሁለተኛ አልነካትም፤ ያንቺ ናት።» ቃላቸውንም ጠበቁ። ከዚያ ወዲህ በየትም ከተማ ሦስተኛው አንጓ ሲደርስ ከማይክሮፎኑ ፈቀቅ ይሉ ነበር፤ የሚዘፍነው ሕዝቡ ነበር።

በ1981 ሌማር ስታብስ አረፉ፤ ባንዱም በዚያው ተበተነ። በተከታዩ ዓመት ወይዘሮ ኔልዳ ይህን ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ ሥራ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ነው፦ በየዓመቱ በሐምሌ የመጨረሻ ቅዳሜ በዚያው ሜዳ ተሰብስቦ አሳማ መጥበስ፣ ሸክላውን ከዳር እስከ ዳር ማድመጥ፣ ሦስተኛው አንጓ ሲደርስ ድምፁን ቀንሶ በራስ ጉሮሮ መዝፈን። የሚጀምሩት ወይዘሮ ኔልዳ ናቸው። እጃቸው ሳይነሣ ትንፍሽ የሚል የለም። አንድ ጊዜ ከቴነሲ የመጡ እንግዳ ሳያውቁ ቀድመው ቢጀምሩ፣ ምክትል ሊቀ መንበራችን አቶ ሆይት ላኒየር ባርኔጣቸውን አውልቀው «ወንድሜ፣ የተቀመጥክበት ወንበር ባለቤት አለው» አሏቸው። እንግዳው ከዚያ በኋላም በየዓመቱ መምጣታቸውን አላቋረጡም፤ ሁለተኛ ግን አልተሳሳቱም። በዚህ ሥርዓታችን እንኮራ ነበር።

ወይዘሮ ኔልዳ ሹፌር በነበሩበት ዘመን የማኅበሩ አባላት የሚመለመሉት በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ውስጥ ነበር። ጠዋትም ማታም ከሳቲላ ልጆች በቀር ሌላ ነገር አይሰማበትም። በ1990ዎቹ አንድ ርእሰ መምህር ጠርተዋቸው «ሚስ ኔልዳ፣ ኧረ ወላጆች እያማረሩ ነው። ልጆቹ እኮ በሂሳብ ፈተና ላይ ሳይቀር ይህንኑ ነው የሚያንጎራጉሩት» ቢሏቸው፣ «ምነው፣ ከዜማው ወጡ እንዴ?» ብለው መልሰዋል። ከእኛ ከኮሚቴው አባላት ሁለታችን በዚያ አውቶቡስ ተመላልሰን ያደግን ነን።

ማኅበራችን አርጅቷል። እንዲህ ያለውን ነገር በመግለጫ መጻፍ ደንብ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ከአባላት የሚሰወር ነገር የለም። ሜዳውን ይሞላ የነበረው ሕዝብ ዛሬ አንድ ድንኳን ይበቃዋል። የኦክስጅን ጠርሙስ እየጎተቱ የሚመጡ አሉ። ልጆቻቸው መኪና ውስጥ ማቀዝቀዣ ከፍተው «አባባ፣ በል ቶሎ በል» እያሉ የሚጠብቋቸው አሉ። ባለፈው ሐምሌ የሟች አባላትን ስም ማንበቡ ከሙዚቃው የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ይህ ነገር ይቀጥላል ብለው ከልባቸው ያምኑ የነበሩት ወይዘሮ ኔልዳ ብቻ ናቸው። እሳቸው ስላመኑ እኛ ማመን አላስፈለገንም ነበር።

ከባንዱ በሕይወት የቀሩት ጊታሪስቱ አቶ ክሊቭ ታርፕሊ ናቸው። ሌማር ከሞቱ ወዲህ ያንን ዘፈን በሰው ፊት ተጫውተውት አያውቁም፤ ወደ ሐምሌው ስብሰባችንም አንድ ቀን ብቅ ብለው አያውቁም። ወይዘሮ ኔልዳ ግን በየዓመቱ ይደውሉላቸው ነበር። የስልኩን ድምፅ ከፍተው ኮሚቴው ፊት ስለሚያወሩ ንግግሩን በቃላችን እናውቀዋለን።

«ክሊቭ፣ ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮም ያው ነው፣ ኔልዳ። ጣቶቼ ደርቀዋል።»

«ጣትህን ማን ጠየቀህ? አንተ ጊታሩን ይዘህ ና፤ ሌላውን ለእኔ ተወው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እስክሞት ልትጨቀጭቂኝ ነው?»

«ከሞትክማ ምን ትሠራልኛለህ!»

ዘንድሮ በመጋቢት አቶ ክሊቭ ማንም ሳይጠብቅ «እሺ፣ እመጣለሁ» አሉ። ወይዘሮ ኔልዳ ስልኩን ዘጉ። ከዚያ «ሆይት፣ ወንበር ጨምር» ብቻ ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ያን ቀን እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው ነበር። በግንቦት መጀመሪያ ታመው ተኙ።

በሆስፒታል ሳሉ ለአቶ ሆይት የተናገሩትን ማኅበሩ እንደ ኑዛዜ ተቀብሎታል። «አበባ አታብዙብኝ» ነበር ያሉት። «ንግግር ላድርግ የሚል ሰው ከመጣ ሻይ አጠጡና ሸኙት። ክሊቭ ይጫወታል፣ እናንተ ሦስተኛዋን ትዘፍኑልኛላችሁ፣ ከዚያ አፈሩን መልሱብኝ። በቃ።» በዚህ ሁሉ ዘመን ለራሳቸው ብለው ከማኅበሩ የጠየቁት ነገር ይህ ብቻ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ በመቃብር ላይ ዓለማዊ ዘፈን እንዲዘፈን አልወደዱም። ኮሚቴው በሙሉ ሄዶ ተከራከራቸው። አቶ ሆይት «መጋቢ፣ የእርስዎን ግማሽ ምእመን በአውቶቡስ እያመላለሱ ያሳደጉት እኮ እሳቸው ናቸው! አንዲት አንጓ ይነፈጉ?» አሉ። መጋቢውም በመጨረሻ «እሺ፣ አንድ አንጓ። መጠጥ የለም፣ ጩኸት የለም» ብለው ፈቀዱ። አሸንፈን ወጣን፤ ደጁ ላይ ተጨባበጥን።

ከዚያም ሥራ ተከፋፈልን። ድንኳኑን፣ በረዶውን፣ የመኪና ማቆሚያውን፣ ለአቶ ክሊቭ ጊታሩን የማያስቸግር፣ የክንድ መደገፊያ የሌለው ወንበር ማምጣቱን ሳይቀር ለየሰው ሰጠን። አንጓውን ማን ይጀምራል የሚለውን ግን አንድ ሰው እንኳ አላነሣውም። የሚጀምሩት ወይዘሮ ኔልዳ ናቸዋ! ዛሬ ሲጻፍ ቂልነት ይመስላል፤ ቂልነትም ነው። የምንቀብረው ማንን እንደሆነ እናውቃለን፤ አንጓውን ማን እንደሚጀምርም እናውቃለን፤ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸው ግን በማናችንም ጭንቅላት አልመጣም።

በቀብሩ ዕለት አቶ ክሊቭ የራሳቸውን ፒክአፕ እየነዱ መጥተው ከአስከሬኑ ሳጥን አጠገብ ተቀመጡ። ጣቶቻቸው እንዳሉትም ደርቀው ነበር፤ መግቢያውን ሁለት ጊዜ ተሳስተው ጀመሩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አንጓዎች በሻከረ ድምፃቸው ራሳቸው ዘፈኑ። ሦስተኛው ሲደርስ እንደ ድሮው አንገታቸውን ቀና አድርገው ዝም አሉ፤ ጊታሩን ብቻ እያዞሩ ጠበቁን። እኛም ባርኔጣችንን ይዘን ጠበቅን። እርስ በርስ ተያየን። ግጥሙ ጠፍቶን አልነበረም፤ ያንን አንጓ በእንቅልፋችንም እንለዋለን። አቶ ክሊቭ ዙሩን ደገሙት፤ ሠለሱት። አንድ ሰው አሳለ። መጋቢው ሳይቀሩ «በሉ እንጂ» በሚል ዓይን አዩን። በመጨረሻ አቶ ክሊቭ የአንጓውን ዜማ ያለ ቃል ብቻቸውን እስከ ዳር ተጫውተው ጊታሩን ሣሩ ላይ አስተኙት።

«እኔ ይሄንን ነበር የምፈራው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሌማር ከሞተ በኋላ ሰዉ ዝም ቢለኝስ እያልኩ ነው ሳልመጣ የቀረሁት። እሷ ግን "በፍጹም ዝም አይሉህም" ትለኝ ነበር።»

ጊታራቸውን አንሥተው ወደ መኪናቸው ሄዱ። የተከተላቸው የለም።

የሟች ብቸኛ ልጅ ወይዘሮ ትሪና ባርፊልድ ከሳጥኑ ማዶ ቆመው ይህን ሁሉ ተመልክተዋል። የልደታቸው ቀን በሐምሌ መጨረሻ ስለሚውል፣ ልጅ ሳሉ አንድም ዓመት ከእናታቸው ጋር በቤታቸው አክብረውት እንደማያውቁ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ ኬካቸው የሚቆረሰው በእኛ ድንኳን ውስጥ፣ በማያውቋቸው ሰዎች መካከል ነበር። ወደ ኮሚቴው መጥተው የተናገሩትን ሳንሸራርፍ ማስፈር ግዴታችን ነው።

«ልደቴን ሁሉ ወስዳችሁታል» አሉ። «እናቴ ደስ ካላት ብዬ ቻልኩት፤ አንድ ቀን አልተናገርኳችሁም። እሷ በምላሹ የጠየቀቻችሁ አንድ አንጓ ነው። አንድ!»

አቶ ሆይት «ትሪናዬ፣ እኛ እኮ እሷ እስክትጀምር…» ብለው ሳይጨርሱ አቆሙ።

«ሞታለች፣ አጎቴ ሆይት። እፊታችሁ ተኝታለች። ማንን ነው ስትጠብቁ የነበረው?»

 በኋላ በመኪና ማቆሚያው አንዳንድ አባላት አንጓውን መዝፈን ጀምረው ነበር፤ ራሳቸው አቶ ሆይት አስቆሟቸው። አፈሩ ተመልሷል፤ ማን ይሰማል ተብሎ ነው?

ሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴው ሰኞ ዕለት ተሰብስቦ የዘንድሮው የሐምሌ ስብሰባ እንዳይካሄድ ወስኗል። ለሟች መታሰቢያ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቦ የደገፈው ሰው አልተገኘም። አቶ ክሊቭ ስልክ አያነሡም። በወይዘሮ ኔልዳ ቦታ ሊቀ መንበር አልተመረጠም፤ ልሁን ያለም የለም። የሚቀጥለውን ዓመት በተመለከተ ለአባላት የምንለው ነገር ቢኖረን ደስ ባለን ነበር። የሳቲላ ልጆችን እንደ ድሮው እንወዳቸዋለን፤ ፍቅሩ አልቀነሰም፤ መከራችንም እሱ ነው። ያ ሸክላ በየቤታችን አለ፤ የእሳቸው የሃያ ሦስት ዓመት ድምፅ ስላለበት ግን ከቀብሩ ወዲህ ደፍሮ ያስጮኸው አባል እንደሌለ እርስ በርስ ተጠያይቀን አረጋግጠናል።

ማኅበሩ ለሟች የሥራ ባልደረቦች፣ በአውቶቡሳቸው ላደጉት ሁሉ፣ በየክፍለ ግዛቱ ላሉ አባላትና በተለይም ለአቶ ክሊቭ ታርፕሊ መጽናናትን ይመኛል። ለወይዘሮ ትሪና ባርፊልድም እንዲሁ። እንደ አገራችን ወግ ከቀብሩ ማግስት እያንዳንዳችን ትኩስ ምግብ ይዘን በራቸው ላይ አኑረን ነበር፤ ሳህኑ ለባለቤቱ እንዲመለስ ከሥሩ ስማችንን ለጥፈናል። ወይዘሮ ትሪና ስሞቹን እያነበቡ ሁሉንም በየደጃችን መልሰዋል፤ ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም። ይህንንም መግለጫ ሳያነቡ ቢመልሱት አንቀየማቸውም።

የሳቲላ ልጆች ባንድ ወዳጆች ማኅበር
ሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴ
ፌሪዴል፣ ጆርጂያ