ደም ያልደረሰው አጥንት

አቃቂ፣ መጋቢት 12 ቀን 1953 ዓ.ም.

ድሬዳዋ ላለው ለአሻግሬ፣ ለቤቴ ሰው ይድረስ።

እንዴት ሰነበትክ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህን የሚቆረጥምህ ነገር በሙቀቱ ተሽሎህ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። እዚህ የበልጉ ዝናብ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ጀምሮ ወንዙ ደፍርሷል። ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና፣ መስመሩ ቢንጋደድ አስተማሪዬን ውቀስ።

ወደዚያ ስትዛወር የባቡሩ ደረጃ ላይ ቆመህ «ሲሻልሽ ላኪብኝ፣ እመጣለሁ» ብለኸኝ ነበር። የላክሁብህ ለዚህ ነው። ተሽሎኛል፣ ቁስሉ ደርቋል። እንዴት እንደዳንኩ ግን የነገረህ ያለ አይመስለኝምና ከሥሩ ልንገርህ።

ጋሪው የተገለበጠ ዕለት አብረን ነበርን። ከወንድሜ ከጀቤሳ ማሳ ጤፍ ጭነን ስንመለስ፣ ሃዲዱን ልንሻገር ስንል ባቡሩ ሲያፏጭ ፈረሱ ደንብሮ ያንን ሁሉ ጣለብን። የጋሪው ጎማ ቅልጥሜ ላይ ሲወጣ የተሰማውን ድምፅ አንተም ሰምተኸዋል። አጥንቱ ቆዳዬን ቀዶ ወጥቶ አፈር ለብሶ ነበር። ሸሚዝህን ቀደህ አሰርክልኝና አዝለኸኝ ወጌሻው አቶ አደሴ ቤት ድረስ ሮጥክ። እያለቀስክ ነበር የምትሮጠው። እጄ ላይ የወረደው ላብህ ይሁን እንባህ እስካሁን አልለየሁትም፣ እኔ ግን እንባ ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

አቶ አደሴን ማንም እንዲወቅሳቸው አልፈልግም። አጥንቱን አቃንተው በቀርከሃ አሰሩት፣ ገጠመም። ቁስሉ ግን እምቢ አለ። ደረቀ ብለን ደስ ሲለን መልሶ ያብጣል፣ እንደ ምድጃ ይግላል፣ ከዚያም በዚያችው በጠባብ ቀዳዳ መግል ይወርዳል። ድሬሰሩ ወልደሚካኤል ፔኒሲሊን ሲወጋኝ ይጠፋል፣ ሲያቆም ይመለሳል። ሽታውን አንተ ታውቀዋለህ። ጎረቤታችን ፈለቀች እንኳ በር ላይ ቆማ ነበር የምታወራኝ። አንተ መኝታህን ወደ መስኮቱ አዛወርክ፤ ቀጥሎ ከባቡር ሥራህ ድሬዳዋ ሰው ተፈልጓል ተባለ።

ካንተ በኋላ ቤቱ ዝም አለ። ለካ ሰው ባይናገርም ሲሳል፣ ሲንቀሳቀስ፣ ጫማውን ሲያወልቅ ቤት ያሞቃል። ደህና ዋልሽ የሚለኝ ሳጣ ለራሴ ጮክ ብዬ «ደህና ዋልሽ ዙፋን» እል ነበር። ሰው ሰምቶ አበደች እንዳይለኝ ደግሞ ወዲያው አፌን እይዛለሁ።

አንድ ቀን ትኩሳቱ በርትቶብኝ ወልደሚካኤል መጣ። መርፌውን ሊያፈላ ነው ስል በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

«እትዬ ዙፋን፣ እኔ ከእንግዲህ አልወጋሽም» አለኝ።

«ምነው፣ ሸተትኩህ?»

«እሱ አይደለም። በሽታው በመርፌዬ ይደበቃል እንጂ አይድንም። አጥንትሽ ውስጥ የገባ ነገር ሳይኖር አይቀርም። ራጅ መነሳት አለብሽ።»

ጀቤሳ ማረሻውን ትቶ መጣና በባቡር አዲስ አበባ ወሰደኝ። ሰው አጠገባችን እየተቀመጠ፣ ትንሽ ቆይቶ እየተነሳ ይሄዳል። ወንድሜ ያላየ መስሎ ስለ በሬዎቹ ያወራኛል። እኔም ያላየሁ መስዬ እጠይቀዋለሁ።

ሐኪሙ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው፣ የምታስተረጉምለት ሲስተር ያለምወርቅ የምትባል ነርስ ናት። ቀጭን ብረት በቀዳዳዋ አስገባ። ብረቱ ሄዶ ሄዶ ጠንካራ ነገር ሲነካ ቋ አለ፣ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ራጁ ሲደርስ መስኮቱ ላይ ወጥሮ አሳየኝ። በአጥንቴ መሃል ጥቁር የከበባት፣ ለብቻዋ የቆመች ነጭ ስንጥር አለች።

«ይህቺ የሞተች አጥንት ናት» አለች ሲስተር፣ እሱ ያለውን እየተከተለች። «ደም አይደርሳትም። ደም ያልደረሰበት ቦታ ደግሞ መድኃኒትም አይደርስም። ጀርሙ እሷ ውስጥ ይደበቅና መድኃኒቱ ሲያልፍ ይወጣል። እሷ እስካለች ቁስሉ አይድንም።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«አንዱ፣ እግሩን ከጉልበት በላይ መቁረጥ ነው፤ ቶሎ ይገላግላል። ሌላው፣ ከፍቶ የሞተውን ማውጣትና መፋቅ ነው። እሱ ረጅም ነው፤ ላይሳካም ይችላል። ባል አለሽ?»

«አለኝ። ድሬዳዋ ነው።»

ይጠየቅ ተባለና ቴሌግራም መቱልህ። መልስህ ደርሶኛል። «ሐኪሙ ያለው ይሁን» ይላል። ሲስተር አነበበችልኝና ሌላ ቃል እንዳለበት ለማየት ወረቀቱን ገልበጥ አደረገችው። ሐኪሙ ሲነገረው ሳቅ ብሎ «እኔ ደግሞ እሷ ያለችው ይሁን ነው የምለው» አለ።

ጀቤሳ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ «ይቆረጥና ነይ፣ እኛ እንጦርሻለን» አለኝ። ከልቡ ነው፣ ሚስቱም አትጠላኝም። እኔ ግን ደጃቸው ላይ ተቀምጬ ዶሮ ስከለክል የማረጀው ታየኝ። ደግሞም እግሬ ነው፤ ጠቤ ከስንጥሯ ጋር እንጂ ከእሱ ጋር አልነበረም። «ይፋቅ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ የምይዘው እጅ ፈልጌ አንሶላውን ያዝኩ።

ከቀዶ ጥገናው ስነቃ ሲስተር ያለምወርቅ በትንሽ ሳህን አምጥታ አሳየችኝ። ጣት የማታክል፣ ምስጥ የበላው እንጨት የመሰለች ነገር ናት።

«ይህቺ ናት ባሌን ያባረረችብኝ?» አልኳት።

«አጥንት ሰው አያባርርም፣ ዙፋን» አለችና ሳህኑን ይዛ ወጣች።

አንተን አታውቅህምና አልተቀየምኳትም።

ከፋቁት ላይ ጥቂቱን በጠርሙስ አድርገው ለምርመራ ላኩት። የእኔ ጀርም ፔኒሲሊንን ከለመደው ቆይቷል አሉ። ሌላ መድኃኒት ታዘዘልኝ። እግሬን በጀሶ ጠቅልለው ቁስሉ የሚታጠብበት መስኮት ቆረጡለት። ጠዋት መርፌ፣ ማታ መርፌ፤ የምቀመጥበት ጎን እስካጣ ድረስ። ከሕመሙ ይልቅ የጎዳኝ ግን እሑድ ነው። እሑድ ጠያቂ ይገባል። የጎረቤት አልጋዋን ሴትዮ ልጆቿ፣ እህቶቿ፣ የንስሐ አባቷ ሳይቀሩ ይከቧታል። ጀቤሳ አጨዳ ላይ ነው። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የተኛሁ እመስላለሁ። ሴትዮዋ ግን አስተዋይ ናት፤ አንድ እሑድ ትንሿን ልጇን «ሂጂ እስቲ እትዬንም ሳሚያት» አለቻት። ልጅቷ መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ። ያን ቀን ያለቀስኩትን ጀሶው ሲፈታ እንኳ አላለቀስኩም። ከቆሰልኩ ወዲህ፣ ከወንድሜና ካከሙኝ ሌላ፣ ፊቷን ሳታዞር የቀረበችኝ የመጀመሪያዋ ሰው ናት።

አሁን ያለ ምርኩዝ እሄዳለሁ። እግሬ ትንሽ አጥሯል፣ ስሄድ ወደ ግራ ዘንበል እላለሁ። ቁስሉ የነበረበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል፤ ግን ደረቅ ነው፣ አይሸትም። ሐኪሙ «እንዲህ ያለ በሽታ ከዓመታት በኋላም ሊያገረሽ ይችላል፤ ከጋለሽ ወይም ካበጠ ሳትውይ ሳታድሪ ነይ» ብሎኛል። ክር ፋብሪካ ገብቼ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ አግኝቻለሁ። ሴቶቹ በምሳ ሰዓት አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ አንድም አይነሳም። መጀመሪያ ሰሞን ደንግጬ እኔ ነበርኩ የምነሳው።

ከድሬዳዋ የሚመጡት የባቡር ሰዎች ቤቴ ጎራ ሲሉ ስለ አንተና እዚያ ስላለው ቤትህ ብዙ ያወራሉ። እኔ ሲያወሩ ዕቃ አጥባለሁ፣ ዕቃው ሲንኳኳ ወሬ አያሰማም። ይህን ሁሉ የጻፍኩትም ናልኝ ለማለት አይደለም። ሲሻልሽ ላኪብኝ ስላልክ ነው፤ እኔም ላክሁ።

ፈለቀች አሁን እስከ ውስጥ ገብታ ትቀመጣለች። «በሰቃ ሰፈር በኩል ጥሩ ቤት አለ፣ ለፋብሪካውም ይቀርብሻል፤ ጣቢያው ሥር በባቡር ጩኸት ምን ያንገላታሻል?» ትለኛለች። ድምፁን ለምጄዋለሁ እላታለሁ።

ሃዲዱ ላይ ስትውል ስታድር አምላክ ከክፉ ይሰውርህ። ብርድ ልብስህን አትጣል፣ በረሃም ቢሆን ንጋት ላይ ይበርዳል። እጅህን ከብረት፣ እግርህን ከጎማ ይጠብቅልህ። በቤትህ ያለውን ሁሉ ይባርክልህ፤ ትንሽ ነፍስ ካለችም ያሳድግልህ።

ዙፋን