ኩሽና የሌለው ክፍል

መጋቢት 5 ቀን 2007

ጾም ስለሆነ ምግብ ቤቴ ቀዝቅዟል። ከሰዓት በኋላ እግሬን ዘርግቼ ቁጭ አልሁ። ወዲያው ሁለት ሰው ገባ... ተነሣሁ።

ማታ ቤቴል ከአዲስ አበባ ደወለች። ልጄ አየር መንገድ ነው የምትሠራው፣ ለወላጅ ቲኬት ይሰጣቸዋል። ከፋሲካ በኋላ እኔና አባቷ ዛንዚባር የሚባል ደሴት ልንሄድ ነው። «ሆቴሉን ምረጡና ንገሩኝ፣ እኔ እይዝላችኋለሁ» አለችኝ። ሳቅሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ ሰው ሳበላ ነው የኖርሁት። እኔ ራሴ በሰው ቤት እንግዳ ሆኜ የበላሁት መቼ ነበር?

መጋቢት 9

ቤቴል ፎቶዎቹን በአስተናጋጄ በያምሮት ስልክ ላከች። ስልኩ ደህና ነው፣ ችግሩ ኔትወርኩ ነው። አንዱ ፎቶ እስኪከፈት ሽሮ ይበስላል።

ሁለት ሆቴል ነው። አንደኛው ከሰው ራቅ ያለ፣ ክፍሉ ውስጥ ምድጃም ድስትም ያለው። ሁለተኛው በሩን ከፍተው ሲወጡ ባሕር ነው፤ በእግር የሚደረስባቸው ምግብ ቤቶች አሉት፣ ኩሽና ግን የለውም።

ኩሽና የለውም... እዚያው ላይ ልቤ ቀረ።

መጋቢት 12

ባሌ ወንዳወቅ የማንኩሳ በርበሬ አዲስ አበባ አራግፎ ገባ። ኢሱዙውን ሳያጥብ ፎቶዎቹን አሳየሁት። ጣቱን ምድጃው ላይ አሳረፈ።

«ሆቴል ማለት ይኸ ነው። ሽሮና በርበሬሽን ይዘሽ...»

«ምግብ ቤት ሞልቶ?»

«አገሩ የሙስሊም ነው አሉ። ክርስቲያን ያላረደውን ሥጋ ልንበላ ነው? ዶሮ ገዝተን እኔ አርዳለሁ።»

ማን ይገነጣጥላታል? ማንስ ሽንኩርት ያቁላላል? አልጠየቅሁትም። እሺ አልሁ። ለምን እሺ አልሁ?

መጋቢት 20

ሌሊቱን በሕልሜ ባሕር ዳርቻ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ስከትፍ አደርሁ።

መጋቢት 27

የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ገብርኤል መጡ። ወንዳወቅ የሥጋውን ነገር አነሣባቸው። የሚያግዙት መስሎታል።

«ዓሣን ማን ያርደዋል?» አሉት።

ወንዳወቅ ጋቢውን አስተካከለ።

«የምትሄዱት በሃምሳው ነው፣ ጾም የለባችሁም። ባሕር መካከል ተቀምጣችሁ የዶሮ ጭንቀት ከየት መጣ?»

«ዓሣ እሾህ አለው አባቴ።»

«በዚያ ሁሉ ገደል ኢሱዙ ስትነዳ አልፈራህም፣ እሾህ ፈራህ?»

ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንሁ። ሲወጡ ግን ወደ እኔ ዞሩና «አንቺስ ልጄ፣ የትኛውን ትወጃለሽ?» አሉኝ። ምስሩ ሊያርብኝ ነው ብዬ ወደ ጓዳ ሮጥሁ። ምስሩ ገና አልተጣደም ነበር።

ሚያዝያ 6

ፋሲካን በሰላም ዋልን። ማታ ቤቴል ደወለች። «ዛሬ ካልያዝሁ ሌላ ሰው ይወስደዋል፣ የትኛውን?» ስልኩን የያዘው ወንዳወቅ ነው። «ባለ ኩሽናውን...» ብሎ ሲጀምር «የሌለውን» አልሁ።

«ምነው ሀብትነሽ? ምን ነካሽ?»

«ቁጭ ብዬ መብላት እፈልጋለሁ።»

ይህችን ስል ሳላስበው ጮህሁ። የተቆጣሁ መሰለው። አልተቆጣሁም።

ስልኩን ከጆሮው አራቀና «እኔ እኮ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ የሰው ወጥ ነው የምበላው። ዕረፍት ሲሉኝ የሚታየኝ ያንቺ ወጥ ነው» አለ።

እውነቱን ነው። አሳዘነኝ። ይህን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ግን ቃሌን አላጠፍሁም። ስልኩን ወደ ጆሮው መልሶ «በይ፣ ኩሽና የሌለውን ያዥልን» አላት።

ግንቦት 3፣ ዛንዚባር

ደረስን። ይዘንባል። ባሕሩ እንደ ፎቶው ሰማያዊ አይደለም፣ ግን ማለቂያ የለውም። ወንዳወቅ ሱሪውን ሰብስቦ ገባና ጣቱን ቀመሰ። «እውነትም ጨው ነው።» አላመነም ነበር ማለት ነው።

መጀመሪያ ያየነው ምግብ ቤት ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል፣ የሚበላ ሰው ግን የለም። ምግቡ መቼ እንደተሠራ አላውቅም ብዬ ወጣሁ። ቀጥሎ ያለው ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ደጁ ላይ ሦስት የጭነት መኪና ቆሟል። «ሹፌሮቹ ያሉበት እንግባ» አለ ወንዳወቅ። በዚህስ ልከራከረው አልችልም።

ዓሣ በኮኮናት መጣልን። እሾሁን እየለቀመ ጨረሰው። እኔ በልማዴ የእሱን ሳህን ላነሣ ብድግ ስል የቀሚሴን ጫፍ ያዘኝ።

«ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልሁ። እስክጨርስ ዝናቡን እያየ ጠበቀኝ። በኋላ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው... «ለካ አንቺ ዝግ ብለሽ ነው የምትበዪ። በዚህ ሁሉ ዘመን ስትበዪ አይቼሽ አላውቅም።»

እኔም አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ ቆሜ፣ ከምጣዱ አጠገብ፣ ሰው ሲጠራኝ እየዋጥሁ ነው የምበላው።

ሰኔ 2

ፍኖተ ሰላም። የሐዋርያት ጾም ነው፣ ሽሮ ብቻ። ዛሬ የሠራችው ያምሮት ናት። ስምንት ሰዓት ላይ ወንዳወቅ ከመንገድ ገብቶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። «ለሁለት ሰው» አላት። ሌላ ወንበር ስቦ አቀረበ።

ከጓዳ ብቅ ብዬ «ሰው አለብኝ» አልሁት።

«እኔም ሰው ነኝ» አለ።

ሽርጡን ፈትቼ ተቀመጥሁ። ምግቡ ቆየ። ሲመጣም ጨው በዝቶበታል። ሌላ ቀን ቢሆን ጓዳ ገብቼ እጮህ ነበር። ዝግ ብዬ በላሁ። እሱ ቀድሞኝ ጨረሰ። አልተነሣም።