ስድስተኛው መስመር

ኮተር ስፕሪንግስ፣ ሚሲሲፒ
እሑድ፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1965

ውድ ባለቤቴ ለሙኤል፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። ሦስቴ አነበብኩትና ለእህትህ ለቪኒም አነበብኩላት፤ "ናፍቀሽኛል" ያልክበትን ቦታ ግን ዘለልኩት፣ እሱ የኔ ነው። ዲትሮይት ከወዲሁ በረደ አልከኝ። ሹራቡን ልበሰው እንጂ! ሻንጣ ውስጥ የምታስቀምጠው ለማን ብለህ ነው? ደግሞ አከራይህ የበቆሎ ዳቦ ላይ ስኳር ትጨምራለች አልክ? ወይ ጉድ! እንዲህ ባለችዋ ሴትማ አልቀናም።

ባሚያው ዘንድሮ እንደ ጉድ አፍርቷል። ዛሬ ፓስተሩ ስብከቱን ሲያስረዝመው ቪኒ አንኮራፋች። ብቆነጥጣት "ዓይኔን ጨፍኜ እየጸለይኩ ነው" አለችኝ። "ጸሎትሽ እስከ በሩ ይሰማል" አልኳት።

ስለ ቨርዴል ደጋግመህ ጠይቀኸኛል፤ እኔም ሁለት ደብዳቤ ሙሉ ስለ ባሚያና ስለ ቪኒ እያወራሁ አለፍኩህ። አሁን ልንገርህ።

በግንቦት ያንን የትምህርት ቤት ምርጫ ቅጽ ሞልተህ፣ "ልጄ የነጮቹ ትምህርት ቤት ትገባለች" ብለህ ፈርመህ፣ በሳምንቱ ከእንጨት መሰንጠቂያው ተባርረህ ሥራ ፍለጋ ዲትሮይት ስትሄድ፣ ክፉው ያለፈ መስሎኝ ነበር። ለካ የባሰ አለ። ትምህርት ከጀመረች ሦስት ሳምንቷ ነው። ክፍሉ ውስጥ ጥቁር እሷ ብቻ ናት። ስትቀመጥ አጠገቧ ያሉት ወንበራቸውን እየጎተቱ ይርቃሉ። ምሳዋን የምትበላው ብቻዋን ነው። አንድ ቀን ቀሚሷ ጀርባው ቀለም ተረጭቶበት መጣች። "ተደግፌ ነው፣ እማዬ" አለችኝ። ያቺ "ኧረ ዝም በይ!" ብለን የማንችላት ለፍላፊ ልጅህ፣ ቤት ገብታ "ደህና ነበር" ትልና ታበቃለች።

ረቡዕ ዕለት ያው ያባረረህ ሚስተር ፕሩት መጣ። መኪናውን በረንዳው ድረስ አስጠግቶ ጡሩንባውን ነፋ። እንደምታውቀው አይወርድም፤ እኛ ነን ወደ እሱ የምንሄደው።

"ኦዜላ፣" አለኝ ወረቀት በመስኮቱ እያቀበለኝ፣ "ልጅቷ ወደ ወገኖቿ ትምህርት ቤት ትመለስ። እዚህ ጋ ፈርሚ። ለሙኤል በሚመጣው ሳምንት ሰኞ መጋዙ ላይ ይቆማል።"

"ባልፈርምስ፣ ጌታዬ?"

"ያው ቤቱ የኔ ነው። ቅዳሜ እፈልገዋለሁ። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፣ ታውቂኛለሽ። ዓርብ መጥቼ ወረቀቱን እወስዳለሁ።"

እውነቱን ልንገርህ ለሙኤል፣ ልፈርም ነበር። ቤቱን መልቀቅ አስፈርቶኛል፣ አልዋሽህም። የጣለኝ ግን "ሰኞ" ያላት ነገር ናት። አንተ ከሥራ ገብተህ፣ ጫማህን በሩ ላይ ስታራግፍ፣ የጠረግኩትን ወለል በሰጋቱራ ስትሞላው፣ እኔም ስጮህብህ ታየኝ። አቤት መጮህ ናፍቆኝ! ሐሙስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፤ ብዕሩን ከላዩ አስቀመጥኩና ቨርዴልን ጠበቅኳት። ነግሬያት ልፈርም።

መጽሐፍ በደረቷ አቅፋ ገባች። የሂሳብ መጽሐፍ ነው፤ አዲስ፣ ገጾቹ ገና ያልተላቀቁ። አንተም እኔም እንዲህ ያለ መጽሐፍ በእጃችን ነክተን አናውቅም። ለኛ የሚደርሰን ነጮቹ ሲጨርሱት አልነበር? ሽፋኑን ስንገልጠው የስም መጻፊያው በነሱ ስም ሞልቶ፣ እኛ ታች በተረፈችው መስመር ላይ ስማችንን እንሸጉጥ ነበር።

"ዛሬ ሳቁብኝ፣ እማዬ" አለችኝ።

"ምን አድርገሽ?"

ሽፋኑን ገለጠችልኝ። ስድስት መስመር አለ። አምስቱ ባዶ ናቸው። ስሟን በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቷ ስድስተኛው ላይ፣ ከታች ጽፋዋለች።

"አስተማሪዋ 'ለምን እዚያ ታች ጻፍሽው? መጽሐፉ እኮ አዲስ ነው፣ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ' አለችኝ።"

"አንቺስ ምን አልሻት?"

"'ከላይ ያለው የነጮች መስሎኝ ነው' አልኳት። ሁሉም ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ፊቷ ቀላና ወደ ሰሌዳው ዞረች።"

ለሙኤል፣ በኛ ቤት "ቦታሽ ከታች ነው" ያላት ሰው የለም። መጽሐፎቹ ናቸው የነገሯት፣ ፊደል ከቆጠረች ጀምሮ። አቅፌያት አለቀስኩ፤ እሷ ደግሞ ጀርባዬን መታ መታ እያደረገች ታጽናናኛለች። ከዚያ ድንገት ቀና አለችና፣

"እማዬ፣ ይሄ መጽሐፍ ከኔ በኋላ ለማን ይሰጣል?"

"በሚቀጥለው ዓመት ለሚመጣው ልጅ ነዋ።"

"ነጭ ለሆነ ልጅ?"

"ሌላ ማን አለ እዚያ?"

"እንግዲያው ስሜን ያየዋል!" አለችና ብዕሩን ከሚስተር ፕሩት ወረቀት ላይ ላፍ አደረገችው። የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ በትልቁ፣ "ቨርዴል ሜይ ቶሊቨር" ብላ ጻፈች።

"አንቺ ልጅ! የመንግሥት መጽሐፍ እኮ ነው! ሁለት ቦታ ጻፍሽበት!"

"አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይቀራል" አለችኝ። ያንተው ልጅ ናት፣ ምን አደርጋታለሁ? ከዚያ በኋላ አፏ አልተዘጋም። የሦስት ሳምንቱን ሁሉ ዘረገፈችው፤ ማን ወንበሩን እንደጎተተ፣ ማን ደግሞ ማንም ሳያያት እርሳስ እንዳዋሰቻት። ራሴን እስኪያመኝ ሰማኋት፣ ደስ እያለኝ።

ዓርብ ሚስተር ፕሩት ጡሩንባውን ሲነፋ ወረቀቱን እንዳለ መለስኩለት። ገልብጦ አየውና "ምነው፣ ብዕር አጣሽ?" አለኝ።

"ብዕሩን ልጄ ወሰደችው፣ ጌታዬ።"

"ለሙኤል ይሄን ሲሰማ ምን ይልሻል?"

"እሱን ለኔ ይተዉት" አልኩት።

ይኸው፣ ሰኞህን የወሰድኩብህ እኔ ነኝ። ሳልጠይቅህ አደረግኩት። ይቅር በለኝ፣ የኔ ጌታ። ብትቆጣም ጻፍልኝ፣ ባትቆጣም ጻፍልኝ። እዚያ ብርድ ውስጥ ብቻህን መሆንህን ሳስብ እንባዬ ይመጣል፤ ልጅህን ሳያት ደግሞ ደግ አደረግኩ እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

እግዚአብሔር እጅህን ከማሽኑ፣ ደረትህን ከብርዱ ይጠብቅልኝ። አንድ ማዕድ ላይ የምንቀመጥበትን ቀን ያቅርብልን።

የምትወድህ ሚስትህ፣
ኦዜላ

ቨርዴል "አባዬን ሳሚልኝ" ብላለች። ደግሞ ትናንት ቪኒ ዘንድ ገብተናልና ከእንግዲህ ደብዳቤህን በሷ አድራሻ ላክልኝ። ባሚያው ሳይለቀም ቀረ። ከበረንዳው ላይ ወንበርህን ግን አምጥቼዋለሁ፤ ቪኒ ልትቀመጥበት ስትል "ሰው አለበት" አልኳት።